ስንዱ ገብሩ፦ ከጎሬ ዘመቻ እስከ ሕግ መምሪያው ወንበር

ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ በሕዝብ ድምፅ ተመርጠው የኢትዮጵያ ምክር ቤት የገቡ የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው። የተመረጡት በ1950 ዓ.ም. መባቻ በተካሄደው የመጀመሪያው የእንደራሴዎች ምርጫ፣ ከአዲስ አበባ ነው። ከዚያ በፊት መምህርት፣ ተውኔት ጸሐፊ፣ በወረራው ዘመን የምዕራቡ አርበኞች ባልደረባ፣ በኋላም የጣሊያን እስረኛ ነበሩ። የጅማና የአጋሮ አካባቢ በታሪካቸው ውስጥ ሁለት ጊዜ ብቅ ይላል። አንደኛው አብረውት የዘመቱት ጦር ያበቃለት ከጅማ በስተደቡብ በሚወርደው በጎጀብ ወንዝ ዳር መሆኑ ነው። ሁለተኛው ግን ጠለቅ ይላል፤ እሳቸው በተቀመጡበት ምክር ቤት ያለፈው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከመዲናዪቱ ርቆ በቡና አገር የምትኖረውን ባለትዳርም የሚነካ ነበርና።

የመምረጥ መብት በሕግ ከመታወጁ በፊት በዚያ የቡና አገር ሴት ሥልጣን አልነበራትም ማለት አይቻልም። በ19ኛው መቶ ዘመን ከአምስቱ የጊቤ መንግሥታት አንዱ በሆነው በጌራ፣ ገኔ ፋ የምትባል ንግሥት ልጇ ለአካለ መጠን እስኪደርስ አገሩን ትገዛ ነበር። ጌራ የአጋሮ ጎረቤት ናት፤ አጋሮ ያለችበት ጎማ ደግሞ ራሱን የቻለ ሌላ መንግሥት ነበር። ጣሊያናውያኑ አሳሾች አንቶኒዮ ቼኪና ጆቫኒ ኪያሪኒ እ.ኤ.አ. በ1879 ጌራ ሲገቡ ያገቷቸው የእሷ ሰዎች ናቸው። ኪያሪኒ እዚያው ሞተ፤ ቼኪ ተርፎ የጊቤን አገሮች የሚገልጽ ትልቅ መጽሐፍ ጻፈ። በጅማም የዳግማዊ አባ ጅፋር እናት ገኔ ጉሚቲ ልጃቸው ከምኒልክ ጋር ከመዋጋት ግብር ከፍሎ መንግሥቱን እንዲያተርፍ መከሩ ይባላል። ጅማ ከጎማና ከጌራ ተለይታ እስከ 1925 ዓ.ም. ገደማ የውስጥ አስተዳደሯን ይዛ መቆየቷ የዚያ ምክር ፍሬ ተደርጎ ይነገራል። ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ የእናትነትና የሚስትነት ሥልጣን ነው። ልጁ ካደገ፣ ባሉ ከሞተ አብሮ ያልፋል። ቡና ለቅማ፣ አስጥታ፣ ፈልፍላ ለምታስረክበው ሴት የሚተርፍ ነገር አልነበረውም።

ወይዘሮ ስንዱ የተወለዱት በጥር 1908 ዓ.ም. በአዲስ ዓለም አጠገብ በመናገሻ ነው። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ፣ እናታቸው ወይዘሮ ካሳዬ የላምቱ ይባላሉ። አባትየው በሚሲዮናውያን እጅ ያደጉ፣ በስዊዘርላንድና በፍልስጥኤም የተማሩ፣ ከአገር ውስጥ ቋንቋዎች ሌላ ጀርመንኛና እንግሊዝኛ የሚያውቁ፣ የጎንደር ከዚያም የአዲስ አበባ ከንቲባ የነበሩ ሰው ናቸው። በዘመኑ በሚላኩ መልእክተኞች መካከል እንዲህ ያለ ሰው ያስፈልግ ነበርና፣ እ.ኤ.አ. በ1919 በደጃዝማች ናደው አባ ወሎ መሪነት ወደ አሜሪካ በሄደው ልዑክ ውስጥ ከብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ጋር ተካተቱ።

ልዑኩ ዋሽንግተን የደረሰው በሐምሌ ነበር። ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ፣ ሰኔ 4 ቀን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ የአሜሪካ ኮንግረስ ሴቶች በድምፅ መስጠት እንዳይከለከሉ የሚያዘውን የሕገ መንግሥት ማሻሻያ አጽድቆ ለክፍላተ ግዛት መርቶት ነበር። በዚያው ሰኔ መጨረሻ ደግሞ አስካሪ መጠጥ መሸጥን የሚከለክለው የጦርነት ጊዜ ሕግ ሥራ ላይ ዋለ። የሁለቱ መገጣጠም እንዲያው በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1874 የተመሠረተው የክርስቲያን ሴቶች የመጠጥ ተቃዋሚ ማኅበር በፍራንሲስ ዊላርድ አመራር ሁለቱን ጥያቄ አንድ አድርጎ አርባ ዓመት ሲሟገትበት ኖሯል። ክርክሩ ቀላል ነበር፦ ባል ደመወዙን መጠጥ ቤት ጥሎ ሲገባ የሚራቡት ሚስትና ልጆች ናቸው፤ መጠጥ ቤቱን የሚዘጋው ሕግ ነው፤ ሕግ የሚያወጣውን የሚመርጠው ወንድ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ቤቷን ለማዳን ሴቲቱ ድምፅ ያስፈልጋታል። ኒውዚላንድ እ.ኤ.አ. በ1893 ከአገሮች ሁሉ ቀድማ ለሴቶች ድምፅ ስትሰጥ ትግሉን የመራችው ኬት ሼፐርድም የዚሁ ማኅበር ሰው ነበረች።

ይህ መንገድ በኢትዮጵያ አልተሞከረም፤ ቢሞከርም የሚያራምድ አልነበረም። በደጋው አገር ጠላ የምትጠምቀው፣ ጠጅ የምትጥለው፣ አረቄ የምታወጣው ሴት ናት። ባሏ የሞተባት ወይም የፈታት ሴት ልጆቿን የምታሳድገው ብዙ ጊዜ በዚሁ በጠላና በጠጅ ቤት ገቢ ነው። መጠጥን የሚከለክል ሕግ ለሴቶች ይጠቅማል ብሎ እንዲህ ላለችው ባለቤት ማስረዳት ከባድ ነው። በጊቤ አገር ደግሞ ነገሩ በሌላ በኩል አልቆ ነበር። ከአምስቱ መንግሥታት እስልምናን ቀድሞ የተቀበለው ጎማ ነው፤ ሃይማኖቱ በ19ኛው መቶ ዘመን ሥር ሲሰድ የድሮው ፈርሶና ዳዲ ከሙስሊሙ ቤት እየወጣ፣ ቀሪቦና ብርዝ እየተተካ፣ ቡና የእንግዳ ሁሉ መቀበያ ሆነ። መጠጡን ያስቀረው ሼኩ ነው፤ የሴት ማኅበር አይደለም፤ ከመጠጡ መቅረትም የተገኘ የሴት ድምፅ የለም። እናም በኢትዮጵያ የሴቶች ጥያቄ የተነሣው ከመጠጥ ቤት ደጃፍ ሳይሆን ከትምህርት ቤትና ከጦር ሜዳ ነው። የስንዱ ገብሩ ሕይወት ሁለቱንም የያዘ ነው።

ልጅቱ መጀመሪያ አዲስ አበባ በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተማሩ። በ1921 ዓ.ም. አካባቢ፣ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ፣ ከእኅታቸው ከዩብዳር ጋር ወደ ስዊዘርላንድ ተላኩ። ወንድ ልጅን ባሕር አሻግሮ ማስተማር ራሱ ብርቅ በነበረበት ጊዜ ሁለት ሴት ልጆችን መላክ የከንቲባ ገብሩን ሰውነት ያሳያል። ስንዱ በሎዛን የፈረንሳይኛ ሥነ ጽሑፍ ተምረው በ1925 ዓ.ም. አካባቢ ተመለሱ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳይነሣ አይታለፍም። ያስተማረቻቸው አገር ስዊዘርላንድ ለገዛ ሴቶቿ በአገር አቀፍ ምርጫ ድምፅ የሰጠችው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። ሎዛን ያለችበት የቮ ክፍለ ግዛት እንኳ፣ ከክፍለ ግዛቶቹ ሁሉ ቀዳሚ ሆኖ፣ ሴቶቹን ያስመረጠው እ.ኤ.አ. በ1959 ነበር። የሎዛን መምህራኖቻቸው ድምፅ ከማግኘታቸው ከአንድ ዓመት በላይ ቀድሞ ኢትዮጵያዊቷ ተማሪ አዲስ አበባ ላይ የምክር ቤት አባል ሆነው ነበር።

ሲመለሱ በማስተማር ሥራ ተሰማሩ። የሴቶች ትምህርት ገና ጀማሪ ነበር፤ በእቴጌ መነን ስም የተሰየመው አዳሪ ትምህርት ቤት የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1931 ነው። ጦርነቱ ሲቃረብ፣ እ.ኤ.አ. በ1935፣ የኢትዮጵያ ሴቶች በጎ አድራጎት ማኅበር ተቋቋመ፤ ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴም በሬዲዮ ለዓለም ሴቶች ጥሪ አሰሙ። የመሳፍንት ሚስቶችና የተማሩት ልጃገረዶች ፋሻ እየቀደዱ፣ ልብስ እየሰፉ፣ ለዘማቹ ስንቅ እያዘጋጁ ባንድ አዳራሽ የተገናኙት ያኔ ነው። ማኅበሩ ስለ ምርጫ ያነሣው ነገር አልነበረም። ነገር ግን ሴቶች ከቤተ ሰብና ከቤተ ክርስቲያን ውጭ ስም ባለው ድርጅት ውስጥ መሰብሰብን ከዚህ ለመዱ።

ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ጣሊያን አዲስ አበባ ሲገባ ምዕራቡ አገር ገና አልተያዘም ነበር። ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ የንጉሠ ነገሥቱ እንደራሴ ሆነው፣ ቢትወደድ ወልደ ጻድቅ ደግሞ ጊዜያዊውን መንግሥት እየመሩ፣ ጎሬ የመንግሥት መቀመጫ ሆነች። ነቀምቴ ላይ የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ዕጩ መኮንኖችና ከውጭ አገር ተመልሰው የመጡ ወጣቶች ጥቁር አንበሳ የተባለውን ማኅበር አቋቋሙ። ሊቀ መንበሩ የእንስሳት ሐኪሙ ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ ነበር። ማኅበሩ አሥር አንቀጽ ያለው የራሱ ደንብ ነበረው፤ የገበሬውን ንብረት መንካትንና ምርኮኛን ማሠቃየትን ይከለክላል። የማኅበሩ ወጣቶች ወዲያው በሰኔ በቦናያ ሜዳ ያረፉትን የጣሊያን አውሮፕላኖች አቃጥለው ጄኔራል ማሊዮኮን ከነተከታዮቹ ገደሉ። ወይዘሮ ስንዱ ከእነዚህ ጋር ሆነው በቀይ መስቀል የቁስለኞች እርዳታ አገለገሉ።

ጦሩ የጎደለው ድፍረት አልነበረም፤ ጥይትና የአካባቢ ድጋፍ ነው። ወደ አዲስ አበባ ለመመለስ የተደረገው ሙከራ ሲከሽፍ ራስ እምሩ ወደ ደቡብ ዞሩ። ከሰሜንም ከምሥራቅም የሚመጣው የጣሊያን ጦር ጅማን እየያዘ መውጫውን ዘጋ። በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ጅማንና ከፋን በሚለየው የጎጀብ ወንዝ ዳር ራስ እምሩና አብሯቸው የነበረው ጦር እጃቸውን ሰጡ። ራስ እምሩ ወደ ጣሊያን ተወስደው ፖንዛ ደሴት ታሰሩ። ጅማ ደግሞ የደቡብ ምዕራቡ የጣሊያን ግዛት ዋና ከተማ ሆነች፤ ጣሊያኖች የአባ ጅፋርን የልጅ ልጅ አባ ጆፊርን መልሰው ሱልጣን አደረጓቸው። በሚቀጥለው የካቲት 12 በጣሊያኑ ገዢ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ሲወረወር ጣሊያኖች በጥይት ለመደብደብ መጀመሪያ የፈለጉት የተማረውን ወጣት ነበር፤ የጥቁር አንበሳ አባላት ብዙዎቹ ያለቁት በዚያ ሰሞን ነው። ስንዱ ገብሩ ከሞት ተርፈው ከሰርዲኒያ በስተሰሜን ምዕራብ ወዳለችው ወደ አሲናራ ደሴት ተጋዙ። አሲናራ ላይ መኳንንቱ ከነሚስቶቻቸውና ከነልጆቻቸው፣ መነኮሳቱና የተማሩት ሰዎች አንድ ላይ ታስረው ነበር። አዲስ አበባ ላይ ባንድ ማዕድ የማይቀመጡ ሰዎች እዚያ አንድ ወጥ ቤት ተጋርተዋል።

ከነፃነት በኋላ ደሴ ሄደው በትምህርት ቤት ኃላፊነት ጥቂት ከሠሩ በኋላ ወደ እቴጌ መነን ትምህርት ቤት ተዛወሩ፤ በመጀመሪያ በምክትልነት፣ በኋላም በዋናነት መሩት። ትምህርት ቤቱን የመራች የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት እሳቸው ናቸው፤ ከእሳቸው በፊት ኃላፊነቱ በውጭ አገር ሰዎች እጅ ነበር። ያን ጊዜ በአገሪቱ መድረክ የሴት ገጸ ባሕርይ የሚጫወተው ወንድ ነው፤ ልጃገረድ ሰው ፊት ቆማ መናገር እንደ ነውር ይታይ ነበር። በሴቶች ትምህርት ቤት ግን ሌላ ተዋናይ አይገኝም። ወይዘሮ ስንዱ ተውኔት እየጻፉ ተማሪዎቻቸውን አስጠኑ፤ የአርበኞችን ገድል፣ የአገር ፍቅርን፣ የልጃገረድን ዕጣ ጭብጥ ያደረጉ ናቸው። ከእነዚህ መካከል የተወሰኑት ከግጥሞቻቸው ጋር በ1942 ዓ.ም. «የልቤ መጽሐፍ» በሚል ርእስ ታትመዋል። ዛሬ የሥነ ጽሑፍ መምህራን ሥራዎቹን ሲያነሡ ምክርና ስብከት ይበዛባቸዋል ይላሉ፤ እውነት ነው። ጥቅማቸው ግን ከወረቀቱ ይልቅ በመድረኩ ላይ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱና ሹማምንቱ በተቀመጡበት አዳራሽ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ መናገር የለመደች የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ስታገባም ያንን ድምፅ እቤቷ ይዛው ትገባለች።

የመምረጥ መብት የመጣው በሰልፍና በረኀብ አድማ ሳይሆን ከላይ ነው። በ1923 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት ለማንም ድምፅ አልሰጠም፤ እንደራሴዎቹን የሚመርጡት መኳንንትና የየአገሩ ሹሞች ነበሩ። በጥቅምት 1948 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ የንግሥ በዓል ሃያ አምስተኛ ዓመት ሲከበር የታወጀው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ግን ዕድሜው 21 ዓመት የሞላው በትውልድ ኢትዮጵያዊ የሆነ ሁሉ እንዲመርጥ ፈቀደ፤ ወንድ ብሎ አልለየም። የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት እንደ ቀድሞው በንጉሠ ነገሥቱ ይሾማል፤ የሕግ መምሪያው ግን ይመረጣል። አገሪቱ ሁለት መቶ ሺህ ያህል ሰው በሚኖርባቸው የምርጫ ወረዳዎች ተከፈለች፤ ለእያንዳንዱ ወረዳ ሁለት እንደራሴ ተመደበለት፤ ሕዝባቸው ከሠላሳ ሺህ ለሚበልጥ ከተሞችም የየራሳቸው መቀመጫ ተሰጣቸው። ፓርቲ አልነበረም፤ ተወዳዳሪው በስሙና በዘመዱ ይቆማል።

ለወረቀቱ ወንድና ሴት እኩል ናቸው። ለንብረቱ ግን አይደሉም። ለመመረጥ የሚፈልግ ሰው በሚወዳደርበት ወረዳ ቢያንስ 1,000 ብር የሚገመት የማይንቀሳቀስ ንብረት ወይም 2,000 ብር የሚገመት የሚንቀሳቀስ ሀብት ሊኖረው ይገባል ተብሎ ተደነገገ። በአጋሮ ዙሪያ ሀብት ማለት የቡና መሬት ነው፤ የቡናው መሬት ደግሞ በባል፣ በአባት ወይም በወንድም ስም ይያዛል። ሴቲቱ ቅርንጫፉን ጎንበስ አድርጋ ቀዩን ትለቅማለች፣ አልጋው ላይ ታሰጣለች፣ በነጋዴው መጋዘንም ቁጭ ብላ ጥቁሩንና የተሰባበረውን ፍሬ ትለያለች፤ ሒሳቡን ግን ወንድ ይቀበላል። መምረጥ የሚያስችላት አንቀጽ ተጽፎላት መመረጥ የሚያስችላትን ሀብት ሌላ ሰው ይዞታል ማለት ነው። አዲስ አበባ ላይ ግን ደመወዝ ያላቸው፣ ከሹም ቤት የተወለዱ፣ ስማቸው በትምህርት ቤቱ በኩል በየባለሥልጣኑ ቤት የገባ አንዲት ወይዘሮ መሰናክሉን ሊዘሉት ችለዋል። የወይዘሮ ስንዱ መመረጥ ታላቅ ነው፤ ነገር ግን ወላጆቻቸው ገበሬ ቢሆኑ ኖሮ የሚሆን አልነበረም።

ይህ ሁሉ ሲሆን ለድምፅ መብት እስር ቤት የገባች የእንግሊዝ አገር ሴት አዲስ አበባ ላይ ትኖር ነበር። ሲልቪያ ፓንክኸርስት ከእናቷ ከኤመሊንና ከእኅቷ ከክሪስታቤል ጋር ሆና ለእንግሊዝ ሴቶች ድምፅ ስትታገል ደጋግማ ታስራለች፤ እስር ቤት ውስጥ እህል ውኃ አልቀምስም ስትል በግድ እንድትመገብ ተደርጋለች። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1918 ከሠላሳ ዓመት በላይ ለሆኑት፣ በ1928 ደግሞ ለሁሉም ሴቶች ድምፅ ሰጠች። ጣሊያን አዲስ አበባ በገባበት ዕለት፣ እ.ኤ.አ. ግንቦት 5 ቀን 1936፣ ሲልቪያ ስለ ኢትዮጵያ የሚሟገት ሳምንታዊ ጋዜጣ ማሳተም ጀምራ ሃያ ዓመት አወጣችው። በልዕልት ፀሐይ ስም ለተሠራው ሆስፒታልም ገንዘብ አሰባሰበች። እ.ኤ.አ. በ1956 ከልጇ ከሪቻርድ ጋር ጠቅልላ መጥታ «ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር» የተባለውን ወርኃዊ መጽሔት አቋቋመች። በ1953 ዓ.ም. በመስቀል ዕለት ዐርፋ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል አጠገብ ተቀበረች። ሁለቱን ሴቶች ማወዳደር ይቻላል፦ ሲልቪያ መብቱን ለማግኘት ከመንግሥቷ ጋር ተጣልታለች፤ ስንዱ ግን መንግሥታቸው የከፈተውን በር ቀድመው ገብተውበታል። የገቡበት ቤት ውስጥ የጠበቃቸው ክርክር ግን ከውጭው የቀለለ አልነበረም።

ወይዘሮ ስንዱ እ.ኤ.አ. በ1960 የሕግ መምሪያው ምክር ቤት ምክትል ፕሬዚዳንት ሆኑ። በዚያው ዓመት የፍትሐ ብሔር ሕግ ወጣ። ሕጉ ለሴት የሰጣት ብዙ ነው፤ ጋብቻ ያለ ፈቃዷ እንዳይጸና ደነገገ፣ ለማግባት ቢያንስ አሥራ አምስት ዓመት እንዲሞላት አዘዘ። ነገር ግን በአንቀጽ 635 ባል የቤተ ሰቡ አለቃ መሆኑን፣ ሚስትም ሕግን በማይቃረን ነገር ሁሉ ልትታዘዘው እንደሚገባ ጻፈ። አንዲት ሴት በወንበሩ ላይ ተቀምጠው ወንዶቹን በሚያናግሩበት ምክር ቤት ውስጥ ያለፈ ሕግ፣ ሴትየዋን እቤቷ ስትገባ ታዛዥ ያደርጋታል። በአጋሮ ነገሩ ሌላም ገጽ ነበረው። በ1936 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ የተቋቋሙት የቃዲና የናኢባ ምክር ቤቶች የሙስሊሙን ጋብቻ፣ ፍችና ውርስ ይዳኙ ነበር፤ ሕጉ ልማዱን ሁሉ ሻርኩ ቢልም ቃዲዎቹ ሥራቸውን አላቆሙም። የጎማ ሴት ኒካሕዋም ሆነ የውርስ ድርሻዋ የሚወሰነው አዲስ አበባ በጸደቀው መጽሐፍ ሳይሆን እዚያው በቃዲው ፊት ነበር።

ከምክር ቤቱ ከወጡ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ፣ ወይዘሮ ስንዱ በቦን የኢትዮጵያ ኤምባሲ አገልግለዋል። አብዮቱ ሲመጣ ያ ምክር ቤትም፣ ያ ሕገ መንግሥትም አብረው ፈረሱ። ከመሬት ጋር የተያያዘው የንብረት መስፈርትም በ1967 ዓ.ም. በወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ትርጉም አጣ፤ ደርግ ግን በተራው ምርጫውን በሌላ መንገድ ይዞታል። የቤተ ሰቡ አለቃ ባል ነው የሚለው አንቀጽ ከሁሉም በላይ ዕድሜ ነበረው፤ በ1987ቱ ሕገ መንግሥት የባልና የሚስት እኩልነት ከተጻፈ በኋላም እስከ 1992 ዓ.ም. ድረስ በመጽሐፉ ላይ ቆየ። በዚያ ዓመት የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ አውጥቶ ጣለው፤ የልጃገረዲቱንም የማግቢያ ዕድሜ ወደ አሥራ ስምንት ከፍ አደረገ። ያ ሕግ ግን የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነው፤ ክልሎች የራሳቸውን ያወጣሉ። አጋሮና ጅማ የሚተዳደሩበት የኦሮሚያ የቤተ ሰብ ሕግ በ1995 ዓ.ም. ታወጀ። ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ሁለቱንም በሕይወት ሳሉ አይተው በሚያዝያ 2001 ዓ.ም.፣ በዘጠና ሦስት ዓመታቸው ዐረፉ።